ያገለገለች ትንሽ ማንዋል መኪና ከመግዛትዎ በፊት፦ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ የሚናገሩት

«ቪትዝ አይበላሽም።» አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው ይህንን ከደላላው፣ ከጎረቤቱና ከአጎቱ ሳይሰማ አይቀርም። አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ገዢው ያልጠየቀውን ጥያቄ ነው የሚመልሰው። የአንድ ሞዴል ዝና የብዙ ሺህ መኪኖች አማካይ ነው። ከፊትዎ የቆመችው ግን አንዲት መኪና ናት፤ ሃያ ዓመት ገደማ ተነድታ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ፣ ምናልባትም እግሩን ከፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ማንሳት በማይወድ ሰው ስትነዳ ከርማ ነው እዚህ የደረሰችው።

«አስተማማኝ ናት ወይ?» የሚለው ጥያቄ በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉት። ሞዴሉ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠንካራ ነበር ወይ? ይህች መኪና እስከ ዛሬ እንዴት ተያዘች? ስትበላሽስ መለዋወጫውና የሚያውቃት ባለሙያ ይገኛል ወይ? አብዛኛው ገዢ የመጀመሪያውን መልሶ ገንዘቡን ይቆጥራል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ማንዋል መኪና በዚህ በኩል ከአውቶማቲክ ይልቅ ግልጽ ናትና። የቀድሞው ነጂ ጠባይ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ተጽፎ ይቀራል፤ ማንበብ የሚችል ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያነበዋል።

ጥያቄው ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ የሚከብድበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እናም ገበያው ላይ ያሉት ትንንሽ የቤንዚን መኪኖች በአመዛኙ ቀድመው የገቡት ናቸው። በየዓመቱ አንድ ዓመት ያረጃሉ፤ ወጣት የሚተካቸው የለም።

ስለ ሞዴሉ በአጭሩ ላውራ። የመጀመሪያዋ የቶዮታ ቪትዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ወጣች፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ ተሸጠች። ባለ አንድ ሊትሩ ሞተሯ አራት ሲሊንደር ነበረው። በ2005 የመጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ባለ ሦስት ሲሊንደር አንድ ሊትር ሞተር ይዛ መጣች። ይህ ሞተር በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጡ የተፈጥሮው ነው፤ ስለዚህ መንቀጥቀጡን ብቻ አይቶ «ሞተሩ አልቋል» ማለት ስህተት ነው። የሁለቱም ሞተሮች ታይሚንግ (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያመሳስለው ክፍል) በሰንሰለት ይሠራል። እንደ ሂዩንዳይ አቶስ እና እንደ መጀመሪያዋ ኪያ ፒካንቶ ያሉት ግን የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው። ቺንጋ ጊዜው ሲደርስ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ውስጥ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ነው። ባለ ቺንጋ መኪና ሲገዙ «መቼ ተቀየረ?» ብለው ይጠይቁ፤ ወረቀት የሌለው መልስ እንዳልተቀየረ ይቆጠር፣ የመቀየሪያው ወጪም ከዋጋው ላይ ይታሰብ።

የሞዴል ዝና እንዴት እንደሚያሳስት አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ኮሊን ከተማ ከ2005 ጀምሮ በአንድ ፋብሪካ የተሠሩ ሦስት መንትዮች አሉ፤ ቶዮታ አይጎ፣ ሲትሮየን ሲ1 እና ፔዦ 107። ሞተራቸው ከቶዮታ የመጣ ጠንካራ ሞተር ነው። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቶች ፍሪሲዮናቸው ቶሎ በማለቁ ይታወቃሉ። አውሮፓ ለምትኖሩ አንባቢዎች ይህ በቀጥታ ይመለከታችኋል፤ ርካሽ የመጀመሪያ መኪና ስትፈልጉ እነዚህ ሦስቱ ከፊታችሁ መደቀናቸው አይቀርም። ጀርመን አገር መኪና መርማሪው ድርጅት ቲዩቪ በየዓመቱ የሚያወጣው የመኪኖች ሪፖርት ጠቃሚ ቢሆንም የሚቆጥረው በምርመራ ወቅት የተገኘ ጉድለትን ነው፦ ፍሬን፣ መብራት፣ የእግር ክፍሎች፣ ጭስ። ያለቀ የፍሪሲዮን ሸራ መኪናን ከዚያ ምርመራ አይጥላትም። እዚህም ቦሎ የተለጠፈባት መኪና ምርመራውን አልፋለች ማለት ነው እንጂ ካምቢዮዋ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

ቪትዝን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ፤ መሪዋ። የጃፓን ገበያ ቪትዝ መሪዋ በቀኝ ነው። እዚህ በግራ መሪ የምትነዳዋ ያሪስ ካልሆነች መሪው በኋላ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሯል ማለት ነው። በጥንቃቄ የዞረ መሪ ለዓመታት ያገለግላል፤ በችኮላ የተበየደ ግን ሕይወትን የሚያህል ነገር በአንድ ብየዳ ላይ ያንጠለጥላል። ማወቂያው ብዙ ነው። የሻንሲ ቁጥሯ አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ከሆነ ለውጭ ገበያ የተሠራች ናት፤ «ኤስሲፒ10» ወይም «ኬኤስፒ90» ብሎ ጀምሮ ከሰረዝ በኋላ በሰባት አኃዝ የሚያልቅ አጭር ቁጥር ከሆነ ግን የጃፓን አገር መኪና ናት። የፍሬቻው ማንሻ ከመሪው በስተቀኝ በኩል ከሆነም እንዲሁ። ማታ መብራቷን ግድግዳ ላይ ያብሩ፤ ብርሃኑ ወደ ግራ ከፍ የሚል ከሆነ በግራ በኩል ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት ነው፣ እዚህ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየውን ብረት ይመልከቱ፤ አዲስ ብየዳና የተደፈነ ቀዳዳ እዚያ ይገኛል።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ።

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ነው። ሦስት ነገሮች አሉት፦ በሁለት ብረት መካከል የሚቆነጠጠው ሸራ፣ ሸራውን የሚጫነው ብረት፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ያንን ብረት የሚያላቅቀው ኩሽኔታ። ሸራው እንደ ጫማ ሶል የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ የሚያልቅበት ፍጥነት ግን የነጂው ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ለፍሪሲዮን የማትራራ ከተማ ናት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ወይም ቸርችል ጎዳና ላይ በመኪና ሰልፍ መካከል ቆሞ፣ በፍሬን ፈንታ በግማሽ ፍሪሲዮን መኪናውን ዳገት ላይ አንጠልጥሎ የሚጠብቅ ነጂ በአንድ ጠዋት የሚበላው ሸራ በሜዳማ መንገድ የወራት ድርሻ ሊሆን ይችላል።

ፔዳሉን ቀስ ብለው ሲለቁ መኪናዋ የምትይዝበት ቦታ የት ነው? ፔዳሉ ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል ብቻ ከያዘች ሸራው ወደ ማለቁ ነው። በዚህ ብቻ ግን አይመኑ፤ ፍሪሲዮኑ በገመድ የሚሠራ ከሆነ ገመዱን በማስተካከል የሚይዝበትን ቦታ ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው። የማይዋሸው ፈተና መንገድ ላይ የሚደረገው ነው። በአራተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ትንሽ ዳገት ላይ ሆነው ነዳጁን እስከ ወለሉ ይርገጡ። ደህና ፍሪሲዮን ያላት መኪና ታቃስታለች፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ፍጥነት ትጨምራለች። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ወደ ላይ ወጥቶ መኪናዋ ባለችበት ከቀረች ሸራው እየተንሸራተተ ነው። መንገድ ካልተመቸ፣ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬን ስበው ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ ትንሽ ነዳጅ እየሰጡ ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ መልሱን አግኝተዋል። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ የሰው መኪና ነው።

ሲነሱ መኪናዋ የምትርገፈገፍ ከሆነ ሸራው ላይ ዘይት ፈስሶበት ሊሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ የኋላ ጎሚኒ (የዘይት ማገጃ ጎማ) የሚመጣ ዘይት ነው። ይህ አስፈላጊ ዝርዝር ነው፤ ጎሚኒው ሳይቀየር ሸራው ብቻ ቢቀየር አዲሱም ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ድምፅ ደግሞ ፍሪሲዮንና ካምቢዮን ለመለየት የሚረዳ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ነው። ሞተሩ ይሥራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ ሬዲዮው ይጥፋ (ሻጩ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ከጠበቀዎት ለምን እንደሆነ ያስቡበት)። ፔዳሉን ሲረግጡ የሚጀምር የጩኸት ድምፅ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ ከሸራው ጋር አብሮ የሚቀየር ነው፣ አያስደነግጥም። ፔዳሉ ሳይረገጥ የሚሰማና ሲረግጡ የሚጠፋ ድምፅ ከሆነ ግን ጩኸቱ የካምቢዮው ውስጥ ኩሽኔታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ያለቀ ፍሪሲዮን መኪናን ለመተው ምክንያት አይሆንም። የሚያልቅ ዕቃ አለቀ፤ የሸራው፣ የብረቱና የኩሽኔታው ዋጋ ካምቢዮ ከማውረጃው የእጅ ዋጋ ጋር ተደምሮ ከመኪናዋ ዋጋ ይቀነስና ግዢው ይቀጥል። የታመመ ካምቢዮ ግን ሌላ ነው። ተከፍቶ የተጠገነ ካምቢዮ ጥራቱ ብዙ ጊዜ ከጠገነው ሰው እጅ ችሎታ በላይ አይሆንም፤ በምትኩ የሚገጠመው ያገለገለ ካምቢዮም ታሪኩ የማይታወቅ ሌላ ዕቃ ነው። እኔ ብሆን ካምቢዮዋ የሚያጠራጥር መኪናን በርካሽም አልወስድም።

ካምቢዮውን ለመፈተን መኪናዋ ቀዝቃዛ ሳለች ይጀምሩ። በየማርሹ ውስጥ ሲንክሮናይዘር የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ከነሐስ መሰል ብረት የሚሠራ ቀለበት አለ፤ ሥራው ማርሹ ከመግባቱ በፊት የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት ማመሳሰል ነው። ቀለበቱ ሲበላ ማርሹ እየተንጫጨ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደጋግሞ የሚገባው እርሱ ስለሆነ። ስለዚህ በሦስተኛ እየሄዱ ሳሉ ሳይጣደፉ ወደ ሁለተኛ ይመልሱ፤ ደጋግመው ያድርጉት። ካንጫጫ ወይም እጅዎን ከገፋ ምልክት ነው። ነጂዎች ይህን በልማድ ያልፉታል፤ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ፣ «እንዲህ ነው የለመደችው» እያሉ። መኪና ግን አትለምድም፤ የለመደው ሰውየው ነው። የኋላ ማርሽ ላይ ብቻ ትንሽ ይቅር ይበሉ፤ በብዙ ትንንሽ መኪኖች የኋላ ማርሽ ሲንክሮናይዘር የለውም፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ትንሽ ሳይቆዩ ካስገቡት ደህናውም ይጮኻል።

ቀጥሎ ማርሽ ትተፋ እንደሆነ ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ማርሽ ነዳጅ ሰጥተው ወዲያው እግርዎን ያንሱ፤ መልሰው ይስጡ፣ ያንሱ። እጅዎ ማርሹን አይያዘው። ማርሹ በራሱ ዘሎ ወደ ዜሮ ከወጣ ውስጡ ተበልቷል። ማርሹ እጅዎ ውስጥ ሲወዛወዝ ብቻ ግን አይፍሩ፤ ብዙውን ጊዜ የዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ያለ ትንሽ ፕላስቲክ ወይም ጎማ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ቀስ ብለው ሲነዱ ከፊት ጎማ አካባቢ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ ደግሞ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ መጋጠሚያ ነው፤ ይቀየራል።

የካምቢዮ ዘይት የተረሳ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ሲቀየር የካምቢዮው ከፋብሪካ እንደወጣ ሃያ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ሻጩ ከፈቀደ መካኒኩ የማፍሰሻውን ብሎን ይፍታ፤ ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ማግኔት አላቸው። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈ እንደ ዱቄት የደቀቀ ጥቁር ጭቃ የዕድሜ ምልክት ነው። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከተገኘ የጥርስ ስባሪ ነው፤ አመስግነው ይሂዱ።

ሞተሩን በተመለከተ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ አዲስ አበባ የምታመጣውን ልዩነት ብቻ ላስረዳ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፣ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት የነበራት የአንድ ሊትር መኪና እዚህ ወደ 55 ገደማ ትወርዳለች። ጅቡቲ ወይም አዳማ ቁልቁል ደርሳ «ተሻላት» የምትባለው መኪና ያገኘችው አየር ነው። መካኒኩ የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) መለኪያ ካስገባም ይህንኑ ያስታውስ፤ የሚነበበው ቁጥር መጽሐፉ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ዝቅ ቢል ሞተሩ አልቋል ማለት አይደለም። ሊታይ የሚገባው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ለብቻው ዝቅ ካለ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ውሃም እዚህ ከተማ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚሠራው በራዲያተሩ ክዳን በሚጠበቀው ግፊት ነው፤ ደካማ ክዳን ዝቅ ባለ አገር የማያሳየውን ጉዳት እዚህ ያሳያል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ክዳኑን ይክፈቱ። ውስጡ ቡናማ ዝገት ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ተሞልቶባታል። የሞተር ዘይት ክዳኑ ውስጥ ማኪያቶ የመሰለ ነገር በብዛት ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይመርመር።

ጭሱን ለማየት ማንዋል መሆኗ ይጠቅማል። ከረጅም ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጡ ይውረዱ፤ ታች ሲደርሱ ነዳጁን ይርገጡና ሌላ ሰው ከኋላ ይመልከት። አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ነዳጅ በሰጡ ቁጥር የማያቋርጥ ሰማያዊ ጭስ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ዘይት ትበላለች። የመጀመሪያው ይታገሡታል፣ ሁለተኛው ሞተር ማውረድ ነው። ይህ ሁሉ ትርጉም የሚኖረው ግን ሲደርሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ከነበረ ነው። ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት፤ ሞቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ጠዋት ይመለሱ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብዙም አልቆጥረውም፤ ዲጂታሉ ከመርፌው ይልቅ ለመመለስ ቀላል ነው። የፍሪሲዮን ፔዳሉን ጎማ፣ የማርሹን እጀታና የነጂውን ወንበር ጎን ይመልከቱ። ቆጣሪው 90 ሺህ እያለ የፔዳሉ ጎማ ልጦ ብረቱ ከታየ አንዱ ዋሽቷል። አዲስ ጎማ ብቻውን በአሮጌ ፔዳል ላይ መገኘቱም ያው ነው። ኮድ 3 (የንግድ) ታርጋ የነበራት፣ በጥሪ ታክሲነት የሠራች መኪና በዓመት የምትሄደው ከቤት መኪና ብዙ እጥፍ ነው፤ የቀድሞ ታርጋዋን ይጠይቁ። ቁልፉን ሲከፍቱ የ«ቼክ ሞተር» ምልክቱ መብራት አለበት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት፤ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉን ያወጣው ሰው ምክንያት ነበረው። ከአውሮፓ የመጣች ከሆነች ከሥሯ ይግቡ፤ እዚያ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ወለሉን ይበላል። አካሏ ላይ ማግኔት ይሞክሩ፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ አይይዝም። የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር ይመሳከር፣ እግድ አለመኖሩ ከመመዝገቢያው ይጣራ።

የቀረው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ መለዋወጫ። ከመግዛትዎ በፊት መርካቶ ሶማሌ ተራ ይሂዱና የዚያችን ሞዴል ሙሉ ፍሪሲዮን፣ የራዲያተር ክዳንና የፊት መብራት ዋጋ ከተለያዩ ሱቆች ይጠይቁ። «ነገ ና» የሚበዛባት መኪና አንድ ጊዜ ስትበላሽ ሳምንታት ትቆማለች፤ ሞዴሉ የቱንም ያህል ቢመሰገን። በዚሁ ምክንያት ፔዳል የሌላቸውን ግን በውስጣቸው ፍሪሲዮን ያላቸውን፣ «ማልቲሞድ» የሚባለውን ካምቢዮ የያዙ ያሪሶችን እሸሻለሁ። ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ነው፤ እርሱ ሲበላሽ ሸራው ደህና ሆኖ መኪናዋ ትቆማለች፣ በቂ መሣሪያ ያለው ባለሙያም በየሠፈሩ አይገኝም።

የያዙትን ዋጋ ሁሉ ወረቀት ላይ ያስፍሩና ለሻጩ ያሳዩት፦ ፍሪሲዮን ይህን ያህል፣ ጎማ ይህን ያህል (የጎማው ጎን ላይ ያለው አራት አኃዝ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው፤ 2319 ማለት የ2019 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት)፣ የታይሚንግ ቺንጋ ይህን ያህል። ድርድሩ ከዚያ ይጀምር። ከተስማሙ ደግሞ ሊብሬው በስምዎ በዞረ ሳምንት የሞተሩን ዘይት፣ የካምቢዮውን ዘይትና የራዲያተሩን ፈሳሽ አንድ ላይ ያስቀይሩ፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም ኮፈኑ ውስጥ ጽፈው ይለጥፉ።